ሰባተኛው ዙር

ያደግሁበት ቤት ውስጥ ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፤ ቴፑ ዳንቴል ለብሷል። የሶፋው መደገፊያ፣ የቡፌው መደርደሪያ፣ ቴርሞሱ፣ ሌላው ቀርቶ ስልኩ ሳይቀር የየራሳቸው ነጭ ልብስ ነበራቸው። ዜና ሰዓት ሲደርስ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ገልጦ ወደ ኋላ መጣል የኔ ሥራ ነበር፤ ዜናው ሲያልቅም መልሶ ማልበስ እንዲሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያኔ ደኅና ይኖራል የሚባል ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። በዓመት በዓል ዋዜማ ዳንቴሎቹ ተሰብስበው ይታጠባሉ፣ በስኳር ውሃ ይነከራሉ፣ ተወጥረው ይደርቃሉ። ስኳሩ ሲደርቅ ዳንቴሉ እንደ ካርቶን ቀጥ ይላል። ከዚያ ጉንዳን ይመጣል። እኔ ዳንቴል ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ እስከ ቡፌው የሚዘልቅ የጉንዳን ሰልፍ ነው።

እናም ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ አዲስ አበባ የራሴን ክፍል ስከራይ፣ ለራሴ የገባሁት ቃል ቢኖር «ዳንቴል እዚህ ቤት አይገባም» የሚል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ እናቴ ደወለች። ሰላምታው አለቀና ዝም አለች። ከዚያ፣

«ነይና ግጠሚልኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የአልጋ ልብሱን። የኔ ዓይን ከእንግዲህ ወዲያ አይሆንም።»

ግላኮማ ነው፤ የዓይን ግፊት የሚሉት። ሐኪሙ ያስረዳን በአጭሩ ነበር። ግፊቱ የዓይኗን ነርቭ ጎድቷል፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ብቻ ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ጀምሮ ስለሚበላ ሰው ሳይታወቀው ይቆያል። እናቴም የነቃችው መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትፈልግ፣ ስትፈልግ ውላ ያጣችው ቀን ነው። «በበር ቀዳዳ እንደ ማየት ነው» ትላለች።

የአልጋ ልብሱ በዕድሜ ይበልጠኛል። ሙሉውን ያየው ሰው ግን የለም፤ ምክንያቱም እስካሁን የአልጋ ልብስ ሆኖ አያውቅም። ማዳበሪያ ውስጥ አሥር አሥር እየሆነ የታሰረ የካሬ ክምር ነው። ለሠርጓ ጀመረችው፤ ክር ጠፋ። እኛ ተወለድን። እንደገና ጀመረችው። ወንድሜ ታመመ፤ ተወች። ጡረታ ስትወጣ እጨርሰዋለሁ አለች፤ ጡረታ ስትወጣ ዓይኗ ደከመ።

አዲስ አበባና ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ጎሐ ጽዮን ላይ የለበስሁትን ሹራብ አባይ በረሃ ውስጥ አወለቅሁት፤ ደጀን ስንወጣ መልሼ ለበስሁት። መንገዱ ያኔ እንደ ልብ ይኬድበት ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ እንዲያ መሆኑ ቀርቷል። ማርቆስ እንደ ደረስሁ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አመሸ። እናቴ ማዳበሪያውን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ አወጣችና ምንጣፉ ላይ ገለበጠችው።

ኪሮሽ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጥቂት የሰንሰለት ዓይን ይሠራና ጫፍና ጫፉ ተያይዞ ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ቋሚ ክር አራት ቦታ ላይ ይተከላል፤ በየመካከሉ ትንሽ ሰንሰለት ይጣላል። እነዚያ አራት ሰንሰለቶች የካሬው አራት ማዕዘኖች ናቸው። ሦስቱን ቋሚ አንድ ላይ እናቴ «ነዶ» ትለዋለች፤ የገበሬ ልጅ ናት። ከዚህ በኋላ ያለው መደጋገም ነው፤ በየማዕዘኑ ሁለት ነዶ፣ በየጎኑ ቀዳዳ አንድ ነዶ። አንድ ዙር በዞሩ ቁጥር በእያንዳንዱ ጎን አንድ ነዶ ይጨመራል። አራተኛው ዙር ላይ በጎኑ አራት ነዶ አለ፤ ስምንተኛው ላይ ስምንት። የእናቴ ካሬ ስምንት ዙር ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ በአንዱ ካሬ ውስጥ 432 ቋሚ አለ። አልጋውን ለማልበስ ደግሞ ወርዱ 13፣ ቁመቱ 15 ሆኖ 195 ካሬ ያስፈልጋል። ማባዛቱን ለእናንተ ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን ስደመም ያደርሁበት ቁጥር ስለሆነ ልናገረው፤ 84,240 ቋሚ ነው።

ፈረንጆች ይህን ዓይነቱን «የአያት ካሬ» ይሉታል። በኅትመት ከታወቁት ቀደምት ንድፎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1885 ቺካጎ ውስጥ ይታተም በነበረ የገበሬዎች ጋዜጣ ላይ የወጣው ነው። አይርላንድ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1845 የጀመረው የድንች ረኀብ ብዙ ቤተሰብ ከኪሮሽ ዳንቴል በሚገኝ ሳንቲም ነፍሱን እንዲያቆይ አድርጎታል፤ ያስተማሯቸው መነኮሳት ነበሩ። ሁለቱም ቃላቶቻችን ፈረንሳይኛ ናቸው። ኪሮሽ ትንሽ ማንጠቆ ማለት ነው፤ ዳንቴል ትናንሽ ጥርስ። ፈረንሳይኛ የትምህርት ቤት ቋንቋችን በነበረበት ዘመን፣ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲከፈት ልጃገረዶች የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። ኪሮሹም ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከሴት ወደ ሴት እየተላለፈ ደጋው ድረስ ወጣ። እናቴ የተማረችው በ1960ዎቹ ማርቆስ ውስጥ፣ ሆም ኢኮኖሚክስ በሚባለው ክፍለ ጊዜ ነው። ወንዶቹ በዚያ ሰዓት እርሻ ይማራሉ። ጎጃም ውስጥ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ኪሮሽ የያዘ ወንድ ግን ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ኪሮሽ ከሹራብ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሹራብ ሲሠራ ዘንጉ ላይ ብዙ ዓይን ይደረደራል። ኪሮሽ ላይ ግን ሁልጊዜ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ያንን አንድ ዓይን ሳይቋጥሩ ክሩን የሳቡ እንደሆነ ሥራው ሁሉ እስከ ቀለበቱ ድረስ ተተርትሮ ያልቃል። ሹራብ የሚሠራ መኪና እንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው፤ ኪሮሽን ግን ፋብሪካ ዛሬም ከሰው እጅ አልወሰደውም።

በማግስቱ መግጠም ጀመርን። እሷ መንታ መንታ እያደረገች ታቀብለኛለች፤ እኔ ጠርዝና ጠርዙን ገጥሜ፣ መርፌውን በሁለቱም ቀዳዳ አሳልፌ፣ ሰንሰለት እየጣልሁ እሄዳለሁ። 362 ጠርዝ መጋጠም አለበት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስጨርስ ሰጠኋት። በጣቷ ዳሰሰችና፣

«ክሩን አንቀሽዋል» አለችኝ። «ዳንቴል እኮ ቀዳዳው ነው ሥራው። ላላ አድርጊው።»

ተረተርሁት። ደግማ፣ «አሁን ደግሞ ለቀቅሽው» አለች። ተረተርሁት። በሦስተኛው ቀን ነው ዝም ብላ የተቀበለችኝ። በዓይኗ ከምታየው በጣቷ የምታየው እንደሚበልጥ የገባኝም ያኔ ነው። እያንዳንዱን ካሬ ታውቀዋለች። «ይቺን ወንድምሽ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው፤ ይኸው እንደ ድንጋይ ጠጥራለች። ይቺ ፋሲካ ሰሞን ናት፤ እየተጫወትሁ ነዶ ዘልያለሁ።»

አምስተኛው ቀን ላይ፣ ከማዳበሪያው ሥር፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለሉ ካሬዎች አገኘሁ። አሥራ አንድ ናቸው። ክራቸው ሻካራ፣ መልካቸው ወደ ቢጫ ያደላ። ከእናቴ ካሬ ጋር ልገጥም ብል እምቢ አሉ፤ ቆጠርሁ። በጎናቸው ያለው ሰባት ነዶ ነው። አንድ ዙር ይጎድላቸዋል። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ደግሞ አንድ የማይገባ ነገር ነበራቸው፤ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ ሳያቸው ዙሩ ከሌሎቹ በተቃራኒ ይዞራል። ገልብጬ አየሁ፤ መልሼ ገለበጥሁ። ያው ነው።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

እናቴ እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። «የወንድምዓለም» አለች።

አጎቴ! እኔ የማውቃቸው ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሉማሜ ባሕር ዛፋቸውን እየጠበቁ የሚኖሩ፣ በሠርግ ላይ እንኳ ሳቃቸውን የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ኩራዙን ለኮስሁና እናቴ የነገረችኝን ሰማሁ።

ጋሼ በጥር 1970 ዓ.ም. ታሰሩ። ቀይ ሽብር ነው። ዕድሜያቸው 21፤ የእናቴ 17። ምግብ ማድረስ የሷ ፈንታ ሆነ። በየቀኑ ምሳ ዕቃውን ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች፤ የትናንቱን ባዶ ትቀበላለች። በዚያ ዘመን «ከእንግዲህ ምግብ እንዳታመጡ» የተባለ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ባዶ ምሳ ዕቃ መቀበል ግን ልብ አያሳርፍም፤ ማን በላው? አንድ ቀን፣ የካቲት ውስጥ፣ ቤት ገብታ ልታጥበው ስትገለብጠው፣ ከታችኛው ሳህን ሥር ካለችው ጎድጓዳ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ የኪሮሽ ካሬ ወደቀ። ወንድሟ ኪሮሽ መሥራት አያውቅም። ግን ማታ ማታ እሷ ስትሠራ ያሾፍባት ስለነበረ፣ ካሬው ለሷ የተላከ ወሬ መሆኑን ለመረዳት አልቸገራትም፤ አለሁ ማለቱ ነው። በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ካሬ መጣላት። ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ በ1973 ዓ.ም. ተፈታ።

«ስለዚያ ነገር አውርተው ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን ስለ ካሬዎቹ አነሣሁበት። ተነሥቶ ወጣ። አንችም እንዳትጠይቂው።»

የጋዜጠኛ ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። ስለ እስሩ አልጠይቃቸውም፤ ስለ ዙሩ ብቻ እጠይቃለሁ አልኋት። ስምንተኛውን ዙር ልጨምርበት ወይስ እንዳለ ልተወው፤ የሠራው ሰው ይወስን። ብዙ ካሰበች በኋላ፣ «እንግዲህ ስለ ዙሩ ብቻ» አለች።

ሉማሜ ስደርስ ጋሼ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ሰላም ተባባልን፤ ጤፉ፣ ዝናቡ፣ የእናቴ ዓይን። ከዚያ የነጠላውን ጥቅል ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ለረዥም ጊዜ አልነኩትም።

«ይኼ አልተጣለም?» አሉ።

«አሥራ አንዱም አሉ። የአልጋ ልብሱ ውስጥ ሊገቡ ነው። ግን ጋሼ፣ አንድ ዙር ጎደላቸው። ለምን ሰባት ላይ አቆሙ?»

ሳቁ። ያልጠበቅሁት ሳቅ ነው። «አይይዝማ!» አሉ። «ስምንተኛውን ስትጨምሪ ሲታጠፍ ያብጣል፤ ሳህኑ ከበታቹ ካለው ጋር አይገጥምም። ዘበኛው ያየዋል። ሞክረናል፤ በሰባት ነው ልኩ።»

ክሩ የዱቄት ከረጢት አፍ የተሰፋበት ነው። የከረጢት ስፌት ትክክለኛ ጫፉ ከተገኘ በአንድ ስበት ከዳር እስከ ዳር ይመዘዛል፤ እሱም ራሱ ሰንሰለት ነው። መርፌው የጥርስ ብሩሽ እጀታ፣ ሲሚንቶ ላይ ተፍቆ ተፍቆ አፍ የወጣለት። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እኔን ሳያዩ፣ ካሬዎቹን እንደ ካርታ እያደራረቡ ነው። ሲጨርሱ ሁለት ክምር ሆነዋል። ስምንት በዚህ፣ ሦስት በዚያ።

«እነዚህ የኔ አይደሉም» አሉ በሦስቱ ላይ መዳፋቸውን ጭነው። «ግራኝ ነበር። ዙሩ በግራ ይሄዳል፤ አየሽው?»

አንድ ልጅ ነበር፤ ከጋሼ በዕድሜ የሚያንስ። አገሩ ሩቅ ስለሆነ ምሳ የሚያመጣለት የለም፤ ከእናቴ ምሳ ዕቃ አብረው ነው የሚበሉ። ኪሮሽ የሚችለው እሱ ነው፤ ከእናቱ ነው የለመደው። ለጋሼ ያስተማራቸው እሱ ነው፤ ግራኝ ቀኝኛን ሲያስተምር ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው፤ እንደ መስታወት። መጀመሪያ የተላከው ካሬ የጋሼ ነበር። ሁለተኛው የልጁ ነው።

«ለምን እሱ ሠራው?»

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው ከዙሩ መውጣቴን ያወቅሁት።

«ያኔ እጄ አይሠራም ነበር» አሉ። የኮታቸውን እጅጌ ወደ ታች ሳብ አደረጉ። «እታለም ካሬው ሲቀርባት ትሞታለች ብሎ ሠራላት። ሦስት ጊዜ እንዲያ ሆኗል። አራተኛ ጊዜ አልሆነም። አንድ ሌሊት ጠሩት።»

ስሙን ነግረውኛል። ቤተሰቡን ፈልጌ አላገኘሁምና እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ምን እንደፈለጉ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ መርፌዬንና የእናቴን ልቃቂት ሰጠኋቸው። ከራሳቸው ስምንት አንዱን አነሡና ማዕዘኑ ላይ ክሩን አያይዘው ስምንተኛውን ዙር ጀመሩ። መጀመሪያ ጣታቸው ይሰናከል ነበር፤ ሁለተኛው ጎን ላይ ሲደርሱ ከኔ ይፈጥኑ ጀመር። ባለቤታቸው ቡናውን ይዘው ወጡ። አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ሰው ኪሮሽ ይዘው አገኟቸው። ምንም አላሉም። ስኒውን ክሩን እንዳይነካው ራቅ አድርገው አስቀመጡትና ገቡ። እስኪመሽ ሦስቱን ጨረሱ፤ አምስቱን ተይልኝ ብለው አስቀሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በፖስታ ታሽገው፣ በአንድ የአውቶቡስ ረዳት እጅ፣ ማርቆስ ደረሱ።

ለእናቴ ነገርኋት። አልነግራትም ብዬ አንድ ሌሊት አድሬ ነበር፤ አርባ አራት ዓመት «የወንድሜ ድምፅ» ስትለው የኖረችውን ነገር የሌላ ሰው ነው ማለት ቀላል መስሎ አልታየኝም። ሰማችኝ፤ ዝም አለች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከዚያ፣

«ግራኙን ስጭኝ» አለች።

ሦስቱን ሰጠኋት። በአውራ ጣቷ ዙራቸውን ተከትላ ዞረች። «አውቀው ነበር እኮ» አለች በመጨረሻ። «የሌላ ሰው ነው አላልሁም። ግን እነዚህ ሦስቱ ከሱ የተሻሉ ነበሩ። ታሞ ተኝቶ፣ ቀስ ብሎ የሠራቸው መስሎኝ ነበር።» ቆየችና፣ «ምግቡ ይበቃቸው ነበር ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጋሼን አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ስምንተኛውን ዙር ልጨምርባቸው መርፌ ሳነሣ እጄን ያዘችኝ። የሱ እንዳለ ይግባ አለች። ሌላ እጅ አይጨመርበት።

ሰባት ነዶን ከስምንት ነዶ ጋር መግጠም በኪሮሽ ሕግ አይሆንም፤ ጠርዙ ይጨማደዳል። ሁለት ቀን ከሞከርን በኋላ ዘዴውን ያገኘችው እሷ ናት። ትንሹን ካሬ በዙሪያው ካሉት ጋር ጥብቅ አድርገን ሳንሰፋው፣ ዓይኑ በበዛ ረዥም ሰንሰለት አንጠለጠልነው። እናም የአልጋ ልብሱ በራስጌው በኩል ሦስት ቦታ ላይ ከሌላው ይልቅ ይሳሳል፤ በሦስቱ ካሬዎች ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የማያውቅ ሰው የአሠራር ጉድለት ይለዋል። ከአንድም ሁለት ሴቶች እንዲህ ብለውኛል።

የእናቴ 180 ነው፤ የእስር ቤቱ 11፤ አራት ይጎድላል። አራቱን እኔ ልሥራቸው ብል፣ «እጄ መቼ ታወረ?» ብላ ተቆጣች። ክሩን ከመርካቶ ገዝቼ ላክሁላት። ነጭ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የድሮው ክር በዕድሜ ብዛት ወተት መልክ አምጥቷል፤ አዲሱ ጎኑ ሲሆን እንደ ጥርስ ያበራል። «ይለያል?» ብላ በስልክ ጠየቀችኝ። አይለይም አልኋት።

የአልጋ ልብሱ አሁን አዲስ አበባ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዳንቴል አይገባም ባልሁበት ቤት፤ አንዱ ጥጉ ላይ የአራት ካሬ ቦታ ተከፍቶ። እናቴ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ በጣቷ እየቆጠረች ትሠራለች። የመጀመሪያውን ለመጨረስ ስምንት ወር ፈጀባት። ሁለተኛው ባለፈው ወር በሰው እጅ ደረሰኝ። ዘርግቼ ቆጠርሁት፤ በአንዱ ጎን ዘጠኝ ነዶ አለው። ሦስተኛውን ጀምራለች።